ለብ ሲል

እኛ አገር ጠላ የሚጠምቅ ሰው ለሙቀት ያለው ቃል ብዙ ነው። ይፋጃል ይላል፣ ሞቅ ብሏል ይላል፣ ለብ ብሏል ይላል፣ በረድ ብሏል ይላል። ከእነዚህ ሁሉ ጠላን የሚያወጣውም የሚገድለውም «ለብ ብሏል» የሚለው ነው። ለብታ ግን ቁጥር የለውም፤ ያለው እጅ ብቻ ነው። እናቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠላ እየጠመቀች ስትሸጥ የኖረችው በዚያ እጅ ነው። እኛ አራት ልጆቿ ደብተር የተገዛልን፣ ጫማ የተገዛልን፣ ከደጃችን በእንጨት ጫፍ ላይ በተደፋችው ጣሳ ነው።

አሁን ያ እጅ አይሰማም። ስኳሯ መጀመሪያ የእግሯን ጣቶች፣ ቀጥሎ የእጇን ጣቶች አደነዘዘባት። ሐኪሙ ነርቩ ነው አላት። እሷ ደግሞ «እጄ ከዳኝ» ትላለች፤ ልክ አብሯት የኖረ ሰው ጥሏት የሄደ ይመስል።

ጠላ ሲጠመቅ አይቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ተበጥብጦ፣ በወይራ ጭስ በታጠነ ጋን ውስጥ ይገባል። ይህ ጥንስስ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ማርቆስ ላይ ብርዱ ሲጠና አራት አምስትም ይሆናል። ከዚያ የተፈጨው ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይጨመራል። ቀጥሎ እንኩሮው ከጌሾው እንጨት ጋር ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። አፉ ተከድኖ ይመረጋል፣ ይሰነብታል፣ በመጨረሻ በውሃ ተበጥብጦ ይጠለላል። የየቤቱ መጠን ይለያያል፣ አንዷ አሻሮ ታበዛለች፣ ሌላዋ ቂጣውን ታሳርራለች። መንገዱ ግን ይኸው ነው።

ጣጣው ያለው እንኩሮው ላይ ነው። እንኩሮ ማለት በትንሽ ውሃ ተለውሶ ምጣድ ላይ እየታመሰ የበሰለ ዱቄት ነው፤ እኛ ቤት በቆሎና ዳጉሳ ይደባለቃል። ከምጣድ ሲወርድ እንደ ዱቄትም እንደ ሊጥም አይደለም፣ ጓል ጓል ይላል። ይህ ጓል ነው እንግዲህ ሙቀትን የሚደብቀው። ላዩ ሲነኩት የቀዘቀዘ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ገና ይፋጃል። ክምሩም እንደዚያው ነው፤ ዳሩ በርዶ ሳለ መሃሉ እጅ ያሳርራል።

እናቴ በደህናው ጊዜ ክምሩን በሦስት ቦታ ትፈትነው ነበር። መጀመሪያ ዳሩን፣ ቀጥላ መሃሉን፣ በመጨረሻ እስከ አንጓዋ ድረስ ሰድዳ ሥሩን። ሦስቱም ቦታ እጇን ሳያስደነግጣት ሲቀር «በቃ፣ አምጡት» ትላለች። ከዚያ በፊት ማንም ቢያቻኩላት አትሰማም። አንድ ጊዜ ለሠርግ የሚጠመቅ ጠላ ላይ ባለጉዳዩ መጥቶ ቆሞ ሲያጣድፋት «ሠርጉ ያንተ ነው፣ ጠላው ግን የኔ ነው» ብላ መልሳዋለች።

አምና ጥር ላይ የአባቴ ሙት ዓመት ነበር። ሁለት ጋን ተጠነሰሰ። ጥር ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ሌሊቱ ግን ከጮቄ በኩል የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። እንኩሮው የታመሰው ከሰዓት ነው፤ ለመጀመሪያው ጋን የሚሆነው ቀድሞ ወረደ፣ ለሁለተኛው የሚሆነው ሊመሽ ሲል። እናቴ እንደ ልማዷ እጇን ሰደደችና «ለብ ብሏል» አለች። ማን ይጠራጠራል? እኔም እህቶቼም ይህን ቃል ከእሷ አፍ ሰምተን ነው ያደግነው።

ማታ እራት ላይ ሦስት ጣቶቿ ውሃ ቋጥረው አየናቸው። እሷ ራሷ ያየችው ከእኛ ጋር እኩል ነው። «ይኸ ደግሞ ከየት መጣ?» አለች እጇን ወደ መብራቱ እያዞረች። የስኳር ሕመምተኛ ቤት ላለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌላ ሰው የሦስት ቀን ነገር የሆነ ቁስል ለእሷ የወራት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ጋን በሦስተኛው ቀን ተነሳ፤ ጆሮ ጠጋ ሲደረግ ሲፈላ ይሰማል። ሁለተኛው አልተነሳም። ዝም ብሎ ተኛ፣ ከዚያ ጎመዘዘ። ለሙት ዓመቱ የጎደለውን ጠላ የሞላልን ከጎረቤት የመጣ ጋን ነው። ማንም ምንም አላለም፤ መረዳዳት ያለ ነው። ለእሷ ግን በባሏ ሙት ዓመት፣ ጠላ ጠምቃ በኖረችበት ሰፈር፣ የሰው ጠላ መቅዳት ምን እንደሆነ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። «ጌሾው ነው» አለች። «አሮጌ ጌሾ ሸጠውልኝ ነው።» አልተከራከርኳትም።

ጠላው ለምን ሞተ የሚለውን ግን መተው አልቻልኩም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ጋኑ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች አሉ። አንደኛው እርሾው ነው። ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደዚያ አፍንጫ ወደሚነካ ጋዝ የሚቀይረው እሱ ነው። ሁለተኛው ብቅሉ ይዞት የሚመጣው ኢንዛይም ነው። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ሲያጎነቁል በውስጡ የሚፈጠር ነገር ሲሆን ሥራው የእህሉን ስታርች ቆራርጦ ስኳር ማድረግ ነው። እርሾ ስታርችን እንዳለ አይበላም፤ ብቅል ቆርጦ ማጉረስ አለበት። እንኩሮው ደግሞ ለብቅሉ የሚቀርበው እህል ነው። የበሰለበትም ምክንያት አለው፤ ጥሬ ስታርች ለኢንዛይሙ እንደ ድንጋይ ነው፣ በሙቀትና በውሃ ሲያብጥ ግን ይከፈታል።

ሁለቱ ሠራተኞች ታዲያ ሙቀት ላይ አይስማሙም። የብቅሉ ኢንዛይም ሙቀት ይወዳል። ቢራ ፋብሪካዎች ብቅሉን ከ60 እስከ 72 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚይዙት ለዚህ ነው፤ 65 አካባቢ አንደኛው ዓይነት ኢንዛይም ጎበዝ ይሆናል፣ 70 አካባቢ ሌላኛው። ከ80 በላይ ሲሆን ሁለቱም ያልቃሉ። እርሾው ግን 40 ላይ ይጨነቃል፣ ከ50 ትንሽ አለፍ ሲል ይሞታል። ፋብሪካው ጠቡን የፈታው ሥራውን ለሁለት በመክፈል ነው፤ መጀመሪያ ብቅሉ በትኩስ ውሃ ስኳሩን ሠርቶ ይጨርሳል፣ ውሃው ተጠልሎ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ እርሾው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የእናቴ ጋን ግን ሁለቱን በአንድ ቤት ያኖራቸዋል። ብቅሉ በቀዝቃዛው እያዘገመ ይቆርጣል፣ እርሾው እየተከተለ ይበላል፣ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ለጠላ የሚያስፈልገው 65 ዲግሪን መያዝ አይደለም። የሚያስፈልገው የትኛውም ጉርሻ፣ የትኛውም ጓል፣ እርሾውን በሚገድል ሙቀት ወደ ጋኑ እንዳይገባ ነው።

«ቀዝቃዛ ጥንስስ ውስጥ ትንሽ ትኩስ እንኩሮ ቢገባ ምን ይሆናል? ይቀዘቅዝ የለ?» የሚል አይጠፋም። በአማካይ እውነቱን ነው። የጋኑ አማካይ ሙቀት ሲሰላ 30 ምናምን ይወጣና ሁሉም ደህና ይመስላል። እርሾው ግን በአማካይ አይኖርም። የሚፋጅ ጓል ወርዶ ጋኑ ሥር ሲቀመጥ በዙሪያው ያለው እርሾ ያልቃል፤ ጓሉ ደግሞ ሙቀቱን ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። እርሾው ሲመናመን ሜዳው ለኮምጣጤና ለእርጎ ባክቴሪያ ዓይነቶች ይለቀቃል። እነሱ ከመጀመሪያውም እዚያው አሉ፤ ጠላ ትንሽ ጎምዘዝ የሚለው በእነሱ ነው። ጌሾው ሲቆጣጠራቸው፣ እርሾው ሲሻማቸው በመጠናቸው ይኖራሉ። እርሾው ሲጠፋ ግን ቤቱ የእነሱ ሆነ። ስለ አገራችን የፈሉ ምግቦችና መጠጦች በ2006 እ.ኤ.አ. ጥቅል ጥናት ያሳተሙት ሞገሴ አሸናፊ ይህን የእርሾና የባክቴሪያ ጉርብትና ከጠላ አልፎ በእንጀራው ሊጥም፣ በሌላውም ተከታትለውታል።

ለፋሲካ በመጣሁ ጊዜ ከአዲስ አበባ የምግብ ቴርሞሜትር ይዤ ነበር። እንደ ወስፌ ቀጭን ዘንግ ያለው፣ ጫፉን ሲወጉት ቁጥር የሚያሳይ። እናቴ አየችውና «መርፌ ነው?» አለች። ስነግራት ሳቀች፣ ሳቁ ግን ደስ አላለውም።

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?»

«አንቺማ ትጠምቂያለሽ።»

«እጄን ከከለከልከኝ ምኑን ጠመቅሁት?»

ይኸው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ያን ዕለት ግን እንኩሮው ወረደና ሸራ ላይ ተከመረ፣ እኔም ለካሁ። ላዩ 33። አንድ ስንዝር ገባ ሲል 57። መሃሉ 71። ሸራው ሲሚንቶውን የነካበት ሥሩ 27። አንድ ክምር ነው፣ ከሰፌድ የማይሰፋ። ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ስመለስ ላዩ 26 ሆኗል፣ መሃሉ ገና 62 ነው። እጅ የማይሰማው ሰው የሚነካው ላዩን ነው። ጥር ላይ የሆነውን ለማወቅ ከዚህ በላይ ምስክር አላስፈለገኝም። ለእናቴ ቁጥሮቹን አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «መሃሉን መሃሉንማ እኔም ነግሬያችኋለሁ» አለች። እውነቷን ነው፣ ነግራናለች።

መቼም የእጅ ነገር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ትንሽ ያጽናናል። ፈረንጆቹም ለዘመናት ቢራ የጠመቁት ያለ ቴርሞሜትር ነው። እንግሊዞች የፈላውን ውሃ በርሜል ውስጥ ገልብጠው እንፋሎቱ እስኪገለጥና ፊታቸውን ውሃው ላይ እስኪያዩ ይጠብቁ ነበር፤ ፊት ሲታይ ብቅሉ ይገባል። ማይክል ኮምብሩን የሚባል የለንደን ጠማቂ በ1762 ስለ ጠመቃ ባሳተመው መጽሐፍ ቴርሞሜትርን ከሥራው መሃል ሲያስገባው ሁሉም እልል አላለም። የቦሄሚያና የባቫሪያ ጠማቂዎች ደግሞ የእኛን እንኩሮ የሚመስል ዘዴ ነበራቸው። ከብቅሉ ገንፎ ሲሶውን ያህል ቀድተው ለብቻው ያፈሉታል፣ ከዚያ ወደ ቀረው ይመልሱታል፤ የፈላውና ያልፈላው ሲቀላቀሉ የሚፈለገው ሙቀት ላይ ያርፋሉ። ቁጥር ሳይኖር በመጠን ሙቀትን መያዝ ማለት ይኸ ነው። አንዱን ክፍል አብስሎ ለሌላው ማቅረብ ማርቆስም ፕራግም የተገኘ ብልሃት ነው። ልዩነቱ እነሱ የፈለጉት ማሞቅ መሆኑ ነው፣ እኛ ደግሞ ማብረድ።

ከፍታውም የራሱ ነገር አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው ባቄላ አልበስል ሲለው ግር የሚለው ለዚህ ነው። በውሃ ብቻ የሚበስል ገንፎ እዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ በምጣድ የሚታመሰው እንኩሮ ግን ለዚህ አይጨነቅም፣ ምጣዱ ከፈላ ውሃ እጅግ ይበልጥ ይግላል። እኔ እንደሚመስለኝ ደጋው እንኩሮን የወደደው ለጣሙ ብቻ አይደለም። ይህ የራሴ ግምት ነው፣ እናቴ ብትሰማው «ጣሙ አይበቃህም?» ትለኛለች።

ወደ ሥራው ልመለስ። ያደረግነው ለውጥ ቀላል ነው። እንኩሮውን መከመር ተውን። ታጥቦ በደረቀ ሰሌን ላይ ሁለት ጣት በማይሞላ ውፍረት እንዘረጋዋለን፣ ጓሉን በማማሰያ ጀርባ እንፈረክሳለን፣ እናገላብጣለን። ሰሌኑ ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን ጭድ ላይ ይነጠፋል፣ አለዚያ ሥሩ ቀድሞ ይበርድና ያታልላል። ቴርሞሜትሩ በአንድ ቦታ አይወጋም፣ ቢያንስ አምስት ቦታ፣ በተለይ ወፍራሙ ጋ። ከሁሉም የሚከፋው ቁጥር ከ35 በታች ሲሆን ይበቃል። የሚያየው የሚከፋውን ነው፣ አማካዩን አይደለም። ከዚያም በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ በሳፋ ከትንሽ ጥንስስ ጋር እየታሸ ሦስት አራት ጊዜ ይጨመራል።

ጋኑም የራሱ ቀዝቃዛና ሙቅ ጎን አለው። ምድጃው አጠገብ የቆመውን ጋን ሌሊት ስለካው በምድጃው በኩል ያለው ሆዱ 23፣ በግድግዳው በኩል 17፣ ሲሚንቶውን የነካው ቂጡ 14 ነበር። ድሮ ወለሉ አፈር ሳለ፣ ጋኑ ግማሽ ድረስ ተቀብሮ ሲቀመጥ ይህ ልዩነት እንዲህ አይሰፋም ነበር ይላሉ ትልልቆቹ፤ አፈር ቀን የያዘውን ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ሲሚንቶ ቤቱን አሳመረው፣ ጋኑን ግን አበረደው። አሁን ከገለባ የተጠቀለለ መቀመጫ ሠርተንለታል፣ ከምድጃው አንድ ክንድ አርቀነዋል፣ ያረጀውን የአባቴን ጋቢ አልብሰነዋል። ሰማያዊውን የፕላስቲክ በርሜል የሚያመጡም አሉ። ቀሊል ነው፣ አይሰበርም፣ ገበያም ላይ በዋጋ ይሻላል። እናቴ ግን አትሰማም፤ «ጭስ የማይጠጣ ዕቃ» ትለዋለች። ጋን በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ ሽታው ይገባዋል፣ ጭሱ ጥፋት የሚያመጣውን ሁሉ ያዳክማል፣ ግድግዳውም ይደርቃል። በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ።

ጎረቤቶች መጀመሪያ ሳቁብን። አንዷ ጎረቤታችን መጥታ በሩ ላይ ቆማ «ደግሞ ወንድ ልጅ ጋን ሥር ምን ይሠራል? ዓይን እንዳያርፍበት» አለች። እናቴ ቀና ሳትል «ዓይን የለውም፣ መርፌ ነው ያለው» አለቻት። ሁለታችንም ሳቅን። በሁለተኛው ወር ያችው ጎረቤት ልጇን ልካ «መርፌዋን ለአንድ ቀን» ብላ ተዋሰች።

እናቴ ቁጥሩን አታነብም። ፊደል ትቆጥራለች፣ ያቺን ትንሽ መስታወት ግን ዓይኗ አይይዛትም። የምታነብላት የእህቴ ልጅ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «አርባ አንድ... አርባ... ሠላሳ ስምንት» እያለች እንደ ቅዳሴ ትጠራለች። እናቴ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ቁጥሩ ሠላሳ አራት ሲደርስ ልጅቷ ዘንጉን ታወጣለች፣ እናቴም «በይ አሁን እጅሽን አግቢ» ትላታለች። ልጅቷ ታገባለች። «ምን አለሽ?» «ምንም።» «ምንም ማለት ምንድን ነው? ሞቀሽ? በረደሽ?» «ሁለቱም አይደለም።» «እሱ ነው ለብ ማለት። ያዢው።» ይህን በየጠመቃው ትደግመዋለች። ቴርሞሜትሩ ከመጣ ወዲህ ማንም ሳይቃጠል ለብታን የሚማር እጅ ቤታችን ገብቷል፤ ይህን እሷ ራሷ ናት ያሰበችው፣ እኔ አይደለሁም።

ጠላውን አትጠጣም፣ ስኳሩ አይፈቅድላትም። ስትቀምስ በሽክና ጫፍ ምላሷን አስነክታ ትተፋለች፣ ከዚያ የሚለውን ትላለች፤ ጌሾው በዝቷል፣ ቂጣው አላረረም፣ ውሃ ቶሎ በጠበጣችሁት። ምላሷ አልከዳትም።

የጣቶቿ ቁስል አራት ወር ፈጀ። የአመልካች ጣቷ ጫፍ ላይ አሁንም ጠባሳ አለ። ኪሮሽ ትሠራ የነበረውን ተወች፣ ጌሾ መቀንጠስ ግን አልተወችም። ለሚያዝያ 30፣ ለማርቆስ ንግሥ፣ ሦስት ጋን እጠነስሳለሁ ብላለች። ሁለት ይበቃል ብንላት አልሰማችም። ቀደም ሲል ስልክ ደውላልኝ ነበር፤ የመርፌዋ ባትሪ ማለቂያው ደርሷል መሰለኝ፣ ቁጥሯ ደብዝዟል ትላለች ልጅቷ፣ ያቺ እንደ ሳንቲም የምታክለው ባትሪ ደግሞ እዚህ ገበያ ጠፍታለች፣ ስትመጣ እንዳትረሳት አለችኝ። ሁለት አድርጋት አለች፣ አንዷ ለጎረቤት።